የሥራና የሙያ ቃላት በእንግሊዝኛ ትምህርት፤ ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን የሚገጥማቸው ችግርና ምክንያቱ

ማንኛውም የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ «አባትህ ምን ሥራ ይሠራል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለመምህሩ ቀላል ይመስለዋል፤ መልሱም ከአምስት ቃላት አይበልጥም። ይሁን እንጂ መላሹ አፉን በቻይንኛ የፈታ ልጅ በሆነ ጊዜ በነዚያ በአምስቱ ቃላት ውስጥ ሦስት ስሕተቶች ተሰብስበው ሊገኙ ይችላሉ። ተማሪው «ማይ ፋዘር ወርክ ኢዝ ዶክተር» ይላል። የባለቤትነቷን ምልክት «ስ»ን ከአባት ላይ አስቀርቷል፤ «ጆብ» ማለት ሲገባው «ወርክ» ብሏል፤ ከሙያው ስም በፊት መግባት የሚገባትን «ኤ»ንም ጥሏታል። መምህሩ ሦስቱንም በቀይ ቀለም ያርማል፤ ተማሪው እርማቱን ይገለብጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይደግማል። ከሁሉም የሚያስገርመው ሦስቱ ስሕተቶች ከታረሙም በኋላ ዐረፍተ ነገሩ ትክክለኛ እንግሊዝኛ አለመሆኑ ነው፤ ሐኪሙ ሰውዬው ነው እንጂ ሥራው አይደለምና እንግሊዞች «አባቴ ሐኪም ነው» ከማለት በቀር «የአባቴ ሥራ ሐኪም ነው» አይሉም። ይህ አራተኛው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከቀዩ ቀለም ያመልጣል።

ጉዳዩ በሩቅ አገር ያለ ቢመስልም ለኢትዮጵያ መምህራን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አማርኛም «ሥራ» በሚለው አንድ ቃል የእንግሊዝኛውን «ወርክ» እና «ጆብ» አጠቃልሎ ይይዛል፤ «አባቴ ሐኪም ነው» ሲባልም በአማርኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለ«ኤ» የሚሆን ቦታ የለም። ስለዚህ የቤይጂንጉ ተማሪ ከሚሳሳተው ከፊሉን የደብረ ማርቆሱም ተማሪ ይሳሳተዋል። መንገዱ የሚለያየው የቻይንኛ የሙያ ስሞች በሚሠሩበት ስልትና በአገሪቱ የሥራ አደረጃጀት ታሪክ ላይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

«ጎንግዙኦ» እና ዘመዶቹ

በቻይንኛ «ጎንግዙኦ» የሚለው ቃል ስምም ግሥም ሆኖ ያገለግላል። «ዎ ዛይ ጎንግቻንግ ጎንግዙኦ» ሲባል «በፋብሪካ እሠራለሁ» ማለት ነው፤ «ዎ ዛይ ጃኦ ጎንግዙኦ» ሲባል ደግሞ «ሥራ እየፈለግሁ ነው» ማለት ይሆናል። ቃሉ በሁለቱም ቦታ ቅርጹን አይለውጥም፤ ቻይንኛ ግሥን በሰውና በጊዜ አያረባም፤ ስምንም በብዙ ቁጥር አያራባም። ተማሪው የሚጠቀምበት ባለሁለት ዓምድ የቃላት ዝርዝር ደግሞ በ«ጎንግዙኦ» ፊት ለፊት «ወርክ» የሚለውን ያስቀምጥለታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ሁለቱን ቃላት እንደ መንታ ቢቈጥራቸው ሊወቀስ አይገባውም።

እንግሊዝኛ ግን ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። «ወርክ» እንደ ውሃ ነው፤ አይቈጠርም፤ ይበዛል ወይም ያንሳል እንጂ አንድ፣ ሁለት አይባልም። «ጆብ» በአንጻሩ እንደ ማሰሮ ነው፤ ይቈጠራል፣ ይገኛል፣ ይጠፋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። ማሰሮው ውሃውን እንደሚይዝ ሁሉ «ጆብ»ም «ወርክ»ን ይይዛል። በሁለት ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው «ሁለት ጆብ አለኝ» ሊል ይገባዋል። በ«ጆብ» ፈንታ «ወርክስ» ብሎ በብዙ ቁጥር ቢናገር ግን ሰሚው የሥዕል ወይም የሙዚቃ ድርሰቶች ያሉት የኪነ ጥበብ ሰው አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ይህን ልዩነት በትርጉም ማስረዳት ብዙም አይጠቅምም፤ ትርጉሙ ያው «ሥራ» ነውና። የሚጠቅመው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ማሳየት ነው፤ «ወደ ወርክ መሄድ»፣ «ከወርክ ውጭ መሆን»፣ «ለጆብ ማመልከት»፣ «ጆብ መልቀቅ» የሚሉት ጥምሮች ተለያይተው የማይሸጡ ዕቃዎች ናቸው።

በአነጋገር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ወርክ» እና «ዎክ»፣ ይኸውም መሥራትና በእግር መሄድ፣ ለብዙ ቻይናውያን ተማሪዎች ጆሮ አንድ ናቸው። «ሎየር» የሚለው የሕግ ጠበቃ ስምም በጥድፊያ ሲነገር «ላየር» ወደሚለው፣ ማለትም ውሸታም ወደሚለው ይጠጋል። ጠበቆችን የማይወድ ሰው ይስቅበት ይሆናል፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ወጣት ግን አይስቅበትም።

«ጅዬ» የሚባለው ቃል ሙያን ወይም መተዳደሪያን ያመለክታል፤ በመጠይቅ ቅጽ ላይ የሚገኘውም እርሱ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት ያቀርባል። «ኦኩፔሽን» ለማንኛውም መተዳደሪያ ይሆናል። «ፕሮፌሽን» ረጅም ትምህርትና የሙያ ሥነ ምግባር የሚጠይቀውን የሐኪሙን፣ የጠበቃውን፣ የመምህሩን ዐይነት ይመለከታል። «ትሬድ» በእጅ ጥበብ የሚሠራውን የአናጺውን፣ የግንበኛውን ዐይነት ይይዛል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ተማሪውን የሚያስቸግረው ግን «ካሪር» የሚለው ነው። አሮጌዎቹ መዛግብተ ቃላት በ«ካሪር» አጠገብ «ሺዬ» የሚለውን ቻይንኛ ያስቀምጡ ነበር። «ሺዬ» ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ዕድሜውን የሚሰጠውን ዓላማ፣ አገር የምታቆመውን ታላቅ ተግባር ይመለከታል። እንግሊዛዊው ግን «ካሪር» ሲል አንድ ሰው ከመጀመሪያ ቅጥሩ እስከ ጡረታው ድረስ የሄደበትን የሥራ ጉዞ ማለቱ ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌርም «ካሪር» አለው። በዚህ ምክንያት ቻይናዊው ተማሪ ቃሉን ለተራ ሰው ሥራ ሲሆን ይፈራዋል፤ ለታላቅ ዓላማ ሲሆን ደግሞ ያለቦታው ያስገባዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «ጅዬ ሸንግያ» የሚለው ሐረግ በ«ካሪር» ፈንታ ተለምዷል፤ «ሸንግያ» በቀጥታ ሲፈታ ዳርቻ ያለው ሕይወት እንደ ማለት ነውና ከ«ሺዬ» ይልቅ ወደ እንግሊዝኛው አሳብ ይቀርባል። መምህሩ ይህን ሐረግ መነሻ ቢያደርግ ግማሹ ድካም ይቀርለታል። በድምፅ ረገድም «ካሪር» ኀይሉን በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ መጣል አለበት፤ በመጀመሪያው ላይ ከጣለ ተሸካሚ ወይም አመላላሽ ማለት ይሆናል።

የሙያ ስሞች አሠራር

እንግሊዝኛ ከግሥ ላይ የአድራጊ ስም ለማውጣት በአብዛኛው በቃሉ መጨረሻ ላይ «ኧር» የሚለውን ድምፅ ይጨምራል። ቲች የሚለው ቲቸር፣ ድራይቭ የሚለው ድራይቨር ይሆናል። ተማሪው ይህን ሕግ ሲያውቅ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም ያስተዋል። ኩክ ማለት ምግብ ማብሰል ከሆነ አብሳዩ ኩከር መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ወጥ ቤቱ በእንግሊዝኛ ያው ኩክ ነው፤ ኩከር የሚባለው ምድጃው ነው። ስለዚህ «አባቴ ኩከር ነው» ያለው ልጅ አባቱን ምድጃ አድርጎት ያርፋል። ጋይድ፣ ጀጅ፣ ነርስና ኮች የሚሉትም እንዲሁ ሳይቀጠሉ ሰውን ያመለክታሉ። ታይፕ የሚለው ደግሞ ታይፒስት ይሆናል እንጂ «ኧር» አይቀበልም። እዚህ ላይ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። «ኩከር» ያለው ተማሪ ሕጉን ያወቀና በራሱ የሠራበት ነው፤ «ኩክ» ብሎ በትክክል የመለሰው ግን ምናልባት ዝርዝሩን በቃሉ ይዞ እንጂ ሕጉን ፈጽሞ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። በእርማት ጊዜ ሁለቱን ተማሪዎች ባንድ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይመስልም።

የቻይንኛው አሠራር ከዚህ እጅግ የተለየ ነው። የሙያው ስም መጨረሻ ላይ የሚገባው ቃል አድራጊነትን ብቻ ሳይሆን ማዕርግንም ይናገራል። «ሺ» የሚለው ቅጥያ መምህርነትን፣ ሊቅነትን ያሰማል፤ አስተማሪው ላኦሺ፣ ጠበቃው ሉሺ፣ መሐንዲሱ ጎንግቸንግሺ፣ የወጥ ቤት ባለሙያውም ቹሺ ይባላሉ። «ዩዋን» የአንድ ድርጅት አባል ወይም ሠራተኛ መሆንን ያመለክታል፤ የምግብ ቤት አስተናጋጁ ፉዉዩዋን፣ የመደብር ሻጩ ሾውሁኦዩዋን ነው። «ጎንግ» በእጁ ለሚሠራው ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዲየንጎንግ ነው። «ሾው» ማለት እጅ ነው፤ ዘፋኙ «የዘፈን እጅ»፣ መርከበኛው «የውሃ እጅ» ይባላሉ። «ጂያ» በመሠረቱ ቤት ማለት ሲሆን በሙያ ስም መጨረሻ ላይ ሲገባ በመስኩ ስም ያተረፈውን ሰው ያመለክታል፤ ደራሲው ዙኦጂያ፣ ሳይንቲስቱ ከሹዌጂያ ነው።

ከዚህ የተነሣ ቻይናዊው ተማሪ የሙያ ስም በሰማ ቍጥር ማዕርጉን አብሮ ለመስማት ይጠብቃል። የእንግሊዝኛው «ኧር» ግን በዚህ ረገድ ዲዳ ነው፤ ጽዳት ሠራተኛውንም የባንክ ባለቤቱንም ባንድ ድምፅ ይጠራል። ለምሳሌ ያህል መጣጥፎችን የሚጽፍ አንድ ቻይናዊ ወጣት ራሱን «ራይተር» ብሎ ለመጥራት ያፍራል፤ በአእምሮው ያለው «ዙኦጂያ» ነውና ታላቅ ደራሲ ነኝ ያለ ይመስለዋል። በቤተ ሙከራ የሚሠራውም «ሳይንቲስት ነኝ» ማለትን ትዕቢት አድርጎ ይቈጥረዋል። እንግሊዛዊው አሠሪ ግን የሚጠብቀው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ ቃሉን ያልተናገረው ተማሪ ቃሉን ስላላወቀ አይደለም፤ የቃሉን ክብደት በቻይንኛው ሚዛን ስለ መዘነው ነው። ይህን ዐይነቱን ችግር የትኛውም የመዝገበ ቃላት ገጽ አያወጣውም፤ መምህሩ ካልነገረው ተማሪው እስከ ሥራ ዓለም ድረስ ይዞት ይሄዳል።

አለቆችና አጠራራቸው

«ጃንግ» የሚለው ቃል የበላይ ኃላፊን ይሰይማል። የትምህርት ቤቱ የበላይ ሺያኦጃንግ፣ የፋብሪካው ቻንግጃንግ፣ የከተማው ሺጃንግ፣ የሚኒስቴሩ ቡጃንግ፣ የመርከቡም ቹዋንጃንግ ነው። ቻይናዊው ልጅ ይህን አንድ ቃል ካወቀ አለቆችን ሁሉ ያውቃል ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ግን ለየአለቃው ለብቻው ስም አበጅቷል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ማጥናት ያስፈልጋል። በተለይም ሺያኦጃንግ የሚለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርም የዩኒቨርሲቲውንም ፕሬዚዳንት የሚመለከት በመሆኑ ተማሪው የመንደሩን ርእሰ መምህር «ፕሬዚዳንት»፣ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ደግሞ «ሄድማስተር» ሊል ይችላል። በአንጻሩ ቻይንኛ ለሐኪሙ «ዪሸንግ»፣ የመጨረሻውን የትምህርት ማዕርግ ላገኘው ምሁር «ቦሺ» እያለ የሚለየውን እንግሊዝኛ በ«ዶክተር» ባንድነት ይጠራል። አማርኛም ቃሉን ከውጭ ሲወስድ ግራ መጋባቱን አብሮ ወስዷል።

የሙያ ስም በቻይና የማክበሪያ መጠሪያም ነው። መምህሩ ዋንግ የሚባል እንደ ሆነ «ዋንግ ላኦሺ»፣ ሥራ አስኪያጁ ሊ የሚባል እንደ ሆነ «ሊ ጂንግሊ» ይባላል። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛም «ቲቸር ዋንግ» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ሲሰማ ልጁ ሥርዓት የጐደለው ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ማክበሩ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ያየ ኢትዮጵያዊ «የኔታ» የሚለውን መጠሪያ በእንግሊዝኛ ለመተርጐም ቢሞክር ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል። እንግሊዝኛ «ዶክተር»ንና «ፕሮፌሰር»ን በስም ፊት ሲያስቀምጥ «ቲቸር»ን፣ «ኢንጂነር»ንና «ማናጀር»ን ግን አይቀበልም፤ ለዚህም አጥጋቢ ምክንያት ማቅረብ አይቻልም፤ ልማድ ነው።

የጾታ ነገርም መነሣት አለበት። በንግግር «ታ» የሚለው የቻይንኛ ተውላጠ ስም «እሱ»ንም «እሷ»ንም ያመለክታል፤ የሚለየው በጽሕፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ስለ እናቱ ሙያ ሲናገር በመካከሉ «ሂ» ብሎ ቢያልፍ ባለማወቅ ሳይሆን በልማድ ነው። በሌላ በኩል እንግሊዝኛው ራሱ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ጾታን ከሚለዩ የሙያ ስሞች እየራቀ ሄዷል። «ፋየርማን» በ«ፋየርፋይተር»፣ «ስቱዋርደስ» በ«ፍላይት አቴንዳንት» ተተክተዋል። አሮጌ መጻሕፍትን የሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች ይህን አስተውለው ዝርዝራቸውን ማረም ይኖርባቸዋል።

የቃላቱ ዝርዝርና የአገሪቱ የሥራ ታሪክ

በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገቡት የሙያ ስሞች ከሰማይ አይወርዱም፤ መንግሥት የሚያስበውን የሥራ ክፍፍል ይከተላሉ። የቻይና ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1950ዎቹ ዓመታት በትምህርት ቤቶች ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ ሩስኛ ነበር። ከ1966 እስከ 1976 በቆየው የባህል አብዮት ዘመን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ጐልተው የሚታዩት ሠራተኛ፣ ገበሬና ወታደር ነበሩ። በ1977 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንደገና ተቋቋመ፤ በ1978 መጨረሻም የኢኮኖሚ ማሻሻያው ተጀመረ። በ1982 የብሪታንያው ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ያዘጋጀው «ፎሎው ሚ» የተሰኘ የእንግሊዝኛ ትምህርት በቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተከታተለው። በ1987 ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብሔራዊ የእንግሊዝኛ ፈተና ተመሠረተ፤ በ2001ም ትምህርት ሚኒስቴሩ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ ሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ወሰነ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ለቃላት ትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በክፍል ውስጥ አልተደረገም። እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ድረስ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ወጣት ሥራ አይፈልግም ነበር፤ መንግሥት ይመድበዋል። የተመደበበት መሥሪያ ቤት «ዳንዌይ» ይባላል። ዳንዌይ ደመወዝ ብቻ አይሰጥም፤ መኖሪያ ቤት፣ ሕክምና፣ ለልጆች መዋያ ይሰጣል፤ እስከ 2003 ድረስ ጋብቻ ለማስመዝገብ እንኳ የዳንዌይ ማረጋገጫ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። እንዲህ ያለው የማይነቃነቅ ሥራ «የብረት የሩዝ ሳሕን» የሚል ስም አለው። መዛግብተ ቃላቱ ዳንዌይን «ዩኒት» ብለው ተረጐሙት፤ ተማሪውም «ማይ ዩኒት» እያለ ይናገር ጀመር። ሰሚው እንግሊዛዊ ግን ወታደር የሚያነጋግር ይመስለው ነበር።

ምደባው በ1990ዎቹ ቀስ በቀስ ሲቀር፣ በዚያው ዐሥርት ዓመት መጨረሻም በሚሊዮን የሚቈጠሩ የመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ ሲቀነሱ፣ አሮጌው የቃላት ዝርዝር ባዶነቱ ታየ። በዝርዝሩ ውስጥ የሙያ ስሞች ነበሩ፤ ማመልከቻ፣ ክፍት የሥራ ቦታ፣ የሥራ ውል፣ የሙከራ ጊዜ፣ መልቀቂያ፣ ስንብት የሚሉት ግን አልነበሩም ወይም በጣም ጥቂት ነበሩ። ሥራ የማይፈለግበት አገር የሥራ መፈለጊያ ቃል አያስፈልገውምና ይህ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋት የሚሆነው ኑሮው ከተለወጠ በኋላ ዝርዝሩ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። የሥራ ሕጉ ከጥር 1995፣ የሥራ ውል ሕጉም ከጥር 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውሉ የውል ቃላት ከፈተና ጥያቄነት አልፈው የዕለት ኑሮ ጉዳይ ሆኑ።

የቻይንኛው የዕለት ንግግር ግን ለውጡን ፈጥኖ ተቀብሎታል። ከሥራ መባረር «ስኩዊድ መጥበስ» ይባላል። ይህ የባሕር እንስሳ በመጥበሻ ላይ ሲወድቅ እንደሚጠቀለል ሁሉ የተባረረውም ሠራተኛ ምንጣፉን ጠቅልሎ ይሄዳል የሚል አሳብ ያለው፣ ከካንቶን አካባቢ የተነሣ አነጋገር ነው። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ መዛወር «ገንዳ መዝለል»፣ የመንግሥት ሥራን ትቶ ወደ ንግድ መግባት «ወደ ባሕር መውረድ» ነው። «ሺያጋንግ» ማለት ከጥበቃ ቦታ መውረድ እንደ ማለት ሲሆን በዚያ ጊዜ ከፋብሪካው ተቀንሶ ስሙ ግን ከመዝገብ ያልተፋቀውን ሠራተኛ ይመለከት ነበር፤ ስለዚህ «አንኢምፕሎይድ» ብሎ መተርጐም ልክ አይደለም። ደመወዝም «ሺንሹይ» ሲባል በቀጥታ እንጨትና ውሃ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ሳላሪ» ደግሞ ከጨው ጋር ዝምድና ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ በአሞሌ ሲገበያይ ለኖረ አገር ይህ ለመረዳት አያስቸግርም። እንዲህ ያሉትን ንጽጽሮች በክፍል ውስጥ ማንሣት ጊዜ ማባከን አይደለም። ተማሪው «ፋየር» የሚለው እሳት ለምን ማባረር እንደ ሆነ የሚገባው የራሱ ቋንቋ ለምን ስኩዊድ እንደሚጠብስ ሲያስታውስ ነው።

የገበሬ ሠራተኛው ልጅ

በመጽሐፍ ውስጥ የሚቀርቡት አባቶች አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ አብራሪዎች ናቸው። በቻይና ግን ከገጠር ወጥተው በከተማ ግንባታና ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ «ኖንግሚንጎንግ» የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 ቍጥራቸውን ከ290 ሚሊዮን በላይ አድርጎታል። ቃሉ ሲፈታ «የገበሬ ሠራተኛ» ማለት ነው። ሰውዬው በፋብሪካ ይሠራል፤ ነገር ግን በ1958 በተደነገገው የቤተ ሰብ ምዝገባ ሥርዓት መሠረት መዝገቡ የሚገኘው በገጠር ስለ ሆነ በስሙ ውስጥ ገበሬነቱ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም። «ፔዛንት ወርከር» ቢሉት ስድብ ይመስላል፤ «ማይግራንት ወርከር» ቢሉት ደግሞ ሰሚው ከአገር ወደ አገር የተሰደደ ሰው አድርጎ ይገምተዋል።

የዚህ ሰው ልጅ በክፍል ውስጥ «አባትህ ምን ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። ወይ ዝም ይላል፤ ወይ ከመጽሐፉ ላይ «ኢንጂነር» የሚለውን ይዋሳል፤ ወይም «ወርከር» ብሎ በደፈናው ያልፋል። መምህሩ በመጀመሪያው ያዝናል፤ በሁለተኛው ይደሰታል፤ በሦስተኛው ግማሽ ነጥብ ይሰጣል። በሦስቱም ጊዜ ግን ልጁ አባቱን የሚጠራበት ቃል አላገኘም። ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚናገረው ነገር ስላልነበረው በቃል ፈተና ዝም ያለ ተማሪ ቋንቋ ካላወቀው ተማሪ ጋር እኩል ውጤት ያገኛል፤ ያ ውጤት የሚወስነው ደግሞ ወደ ላይኛው ደረጃ ማለፍና አለማለፍን ነው።

መፍትሔው አዲስ የሙያ ስም መፍጠር አይመስልም። እንግሊዝኛ የሙያ ስም በማይበቃው ቦታ ሁሉ ግሡን ከቦታ ጋር ያጣምራል። «ሂ ወርክስ ኦን ኤ ቢልዲንግ ሳይት»፣ ማለትም በግንባታ ቦታ ይሠራል ማለት ሙሉና የተከበረ መልስ ነው። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ልጁ የግሡን «ስ»፣ ትክክለኛውን መስተዋድድና የተረሳችውን «ኤ» በተግባር አሳይቷል። ስለዚህ ይህ መልስ ከተገለበጠው «ኢንጂነር» ያነሰ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም። በግንባታ ቦታ ላይ ስላሉት ስሞች ካነሡ ዘንድ አንድ ነገር መጠቀስ ይችላል። የሠራተኞቹ አለቃ በቻይንኛ «ጎንግቶው»፣ ማለትም «የሥራ ራስ» ይባላል፤ በኢትዮጵያ ግንበኞች ዘንድ የተለመደው «ካቦ»ም ራስ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር በመሰሉ ሥራዎች ላይ ቻይናውያንና ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ሲግባቡ በሁለቱም ወገን ከእንግሊዝኛው በስተኋላ የየራሳቸው «ሥራ» እና የየራሳቸው «ራስ» መኖሩን ማሰብ ለቋንቋ መምህር ይጠቅመዋል።

በክፍል ውስጥ

ባለሁለት ዓምድ ዝርዝርን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ ቻይናውያን ተማሪዎች በቃል በመያዝ ያላቸው ብርታት የሚናቅ ሀብት አይደለም። መለወጥ የሚገባው በዓምዱ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ነጠላ ቃል በነጠላ ቃል ፊት ከሚቀመጥ ይልቅ ጥምር ሐረግ ቢቀመጥ፣ ማለትም «ጆብ» ብቻውን ሳይሆን «ለጆብ ማመልከት» ከነመስተዋድዱ ቢያዝ፣ ያው የማስታወስ ችሎታ ወደ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ይመራል። ለ«ኤ» መጥፋት ግን ሌላ ምክንያት አለ። በመጠይቅ ቅጽ ላይ «ኦኩፔሽን» ከሚለው ፊት ለፊት የሚጻፈው «ቲቸር» ብቻ ነው፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሆን ግን «ኤ ቲቸር» ይሆናል። ተማሪው ሁለቱንም በትክክለኛ ጽሑፍ ላይ ያያቸዋል፤ ልዩነቱን የሚነግረው ከሌለ «ኤ» እንደ ፈለገች የምትመጣና የምትሄድ ትመስለዋለች። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቅጽ በማስሞላትና የተሞላውን ቅጽ በንግግር በማስረዳት ቢውል ከብዙ የሰዋስው ማብራሪያ ይበልጣል፤ ወጪውም የወረቀት ብቻ ነው። «ኢንተርቪው» የሚለውንም በዚሁ ክፍለ ጊዜ ማንሣት ይቻላል፤ ቻይንኛ የጋዜጠኛውን «ጻይፋንግ»፣ የአሠሪውን «ሚየንሺ» እያለ ስለሚለያቸው ተማሪው ለሥራ ቃለ መጠይቅ መጠራቱን ጋዜጠኛ የፈለገው አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

ቻይንኛ ተናጋሪዎች ሁሉ አንድ አለመሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። በሲንጋፖር ከ1987 ጀምሮ በሁሉም ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ የዚያ ልጅ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ለታይዋን ወጣትም ዳንዌይ ያን ሁሉ ትዝታ አይቀሰቅስም።

ለፕላን አውጪዎች የሚቀረው ጥያቄ የትኞቹ የሙያ ስሞች በመጀመሪያ ይግቡ የሚለው ነው። ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ በቻይና አለ። መንግሥት በ1999 ያወጣው፣ በ2015 እና በ2022 ያሻሻለው የሙያዎች ምደባ መዝገብ በአገሪቱ የታወቁትን ሙያዎች ሁሉ ይዘረዝራል። በ2020 ወደ ዝርዝሩ ከገቡት አዳዲስ ስሞች አንዱ በስልክ የታዘዘ ምግብና ዕቃ በሞተር ብስክሌት የሚያደርሰው ወጣት ነው፤ የተሰጠውም የሙያ ስም በዚያው በአሮጌው ቅጥያ «ዩዋን» የሚጨርስ ነው። ወንድሙ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ተማሪ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲፈልግ «ዴሊቨሪ ራይደር» ወይም «ኩሪየር» የሚለውን በመጽሐፉ ውስጥ ማግኘት ይኖርበታል፤ የፖስታ አመላላሹ ሥዕል ከያዘው ገጽ ላይ ግማሹ ለዚህ ይበቃል።